መጽሐፍ ጠባቂና ውሳኔው፤ ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ ሐርቡ

የአገራችንን የመጻሕፍት ታሪክ የመረመሩ ሊቃውንት ስለ ደራሲው፥ ስለ ጸሓፊው፥ ስለ ሥዕሉና መጽሐፉን ስላስጻፈው ባለጸጋ ብዙ ነግረውናል። መጽሐፉ ተጽፎና ተጠርዞ ከማኅደሩ ከገባ በኋላ ግን ማን እንደ ጠበቀው፥ ለማን እንዳዋሰው፥ ማንን እንደ ከለከለው የሚናገር ጽሑፍ ጥቂት ነው። ጠባቂው በበር ላይ እንደ ቆመ ዘበኛ ተቈጥሮ ከታሪክ ውጭ ቀርቷል። ነገር ግን አንድ የብራና መጽሐፍ ሰባት መቶ ዓመት ኖሮ ከእኛ ዘመን ሲደርስ፥ ጸሓፊው የደከመበት ጊዜ ከዚያ ሁሉ ዘመን እጅግ ጥቂቱ ነው፤ የቀረውን ያኖሩት ስማቸው ያልተጻፈ ጠባቂዎች ናቸው።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው የእነዚህን ሰዎች የዕለት ተዕለት ውሳኔ ነው። በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚሠራ የዛሬው ኀላፊ ጧት በሩን ከፍቶ ማታ እስኪዘጋ ድረስ የሚገጥሙት ጥያቄዎች አራት ናቸው ለማለት ይቻላል፤ ምኑን ልመዝግብ? ለማን ልስጥ? የቱን ላስቀድም? የጠፋውንስ ማን ይክፈለው? እነዚህ ጥያቄዎች ከውጭ አገር ከመጣው የቤተ መጻሕፍት ትምህርት ጋራ የገቡ አዲስ ነገሮች አይደሉም። በወሎ ምድር መልስ ሲሰጥባቸው ብዙ ምእት ዓመት አልፏል። አሜሪካዊው ሊቅ ኸርበርት ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው መጽሐፍ አስተዳደር ማለት በመሠረቱ መወሰን መሆኑን፥ ወሳኙም ሰው ሁሉን ዐውቆ ሳይሆን ባለው ጥቂት ዕውቀትና ጥቂት ጊዜ ተወስኖ የሚቈርጥ መሆኑን አስረድቷል። ይህ ትምህርት ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ስለ አንድ ጥያቄ ነው፤ ወሳኙ ሰው ካለፈ በኋላ ውሳኔው ከወዴት ይኖራል?

ወሎን የመረጥሁት የተወለድሁበት አገር ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። ከሐይቅ ባሕር ተነሥቶ በደሴና በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐርቡ የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ቀን ጕዞ ሁለት የቆዩ የመጽሐፍ አጠባበቅ ሥርዐቶችን ያልፋል። አንዱ የገዳም ነው፤ ሁለተኛው የሼኾችና የደረሶች ነው። ሦስተኛው፥ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሥርዐት፥ በእነዚህ በሁለቱ ላይ በቅርብ ዘመን የተጨመረ ነው። ሦስቱን አጠገብ ለአጠገብ አስተያይቶ ለማየት እንዲህ የተመቸ ስፍራ አይገኝም።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ገዳም ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1248 ወደ ሐይቅ እንደ መጣና ቤተ ክርስቲያኑን የትምህርት ስፍራ እንዳደረገው ይታወቃል። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ነበሩ። ገድሉ ኢየሱስ ሞዐን ጸሎተኛ ብቻ ሳይሆን መጽሐፍ በመገልበጥ የደከመ ሰው አድርጎ ያቀርበዋል። የገዳሙ አለቃ የተሰጠው ማዕርግ «ዐቃቤ ሰዓት» መባሉም ልብ ሊባል ይገባል። ዐቃቤ ማለት ጠባቂ ማለት ነውና፤ በዚያ ዘመን ጠባቂነት የክብር እንጂ የዝቅተኛ አገልግሎት ስም አልነበረም።

ኢየሱስ ሞዐ እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም 1281 ለገዳሙ የሰጠው የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ሥዕሎቹ በጥበብ ታሪክ የታወቁ ናቸው፤ የእኛ ጉዳይ ግን በባዶዎቹ ገጾች ላይ የተጻፈው ነው። በዚያ ከልዩ ልዩ ዘመን የሆኑ እጆች የገዳሙን ንዋይና ስጦታ፥ ከዚያም ጋራ የመጻሕፍቱን ዝርዝር ጽፈዋል። እያንዳንዱ እጅ የየትኛው ዘመን እንደ ሆነ በጥንቃቄ መመርመር ያስፈልጋል፤ ሁሉም ማስታወሻ ከወንጌሉ ጋራ እኩል ዕድሜ ያለው አይደለምና። ቢሆንም በአገራችን ከታወቁት የመጻሕፍት ዝርዝሮች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ በዚህ መጽሐፍ ይገኛል።

ዝርዝሩ ስለ ምን በወንጌል ላይ ተጻፈ? ለብቻው በሌላ ብራና ሊጻፍ ይችል አልነበረምን? በእኔ አስተያየት ይህ የስፍራ ጥበት ያመጣው ነገር ሳይሆን ታስቦ የተደረገ ውሳኔ ነው። አንደኛ፥ ወንጌል በቅዳሴ ጊዜ በሕዝብ ፊት ይወጣል፤ ስለዚህ ቢጠፋ በዚያው ቀን ይታወቃል። ሁለተኛ፥ ወንጌል መሐላ የሚፈጸምበት መጽሐፍ ስለ ሆነ በእርሱ ላይ የተጻፈውን መፋቅ ከስርቆት አልፎ በደለኝነት ነው። ሦስተኛ፥ ዝርዝሩ የጠባቂው የግል ወረቀት አይደለም፤ ጠባቂው ቢሞት፥ ቢሻር ወይም ቢጣላ ይዞት አይሄድም። የዘመናችን ሰው «ማኅደረ ሰነድ» የሚለውን ነገር የሐይቅ መነኮሳት ከመሠዊያው አጠገብ አኖሩት። ሌሎችም አድባራት ይህንኑ ልማድ ይዘው ርስታቸውንና ንዋያቸውን በወንጌላቸው ጽፈዋል፤ እንዲህ ያለውም መጽሐፍ «ወንጌል ዘወርቅ» ይባላል።

የጠባቂውም ሥልጣን በልማድ የተወሰነ ነው። የአንድ ደብር ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት በገበዙ ኀላፊነት ሥር ይሆናሉ፤ ነገር ግን በብዙ ስፍራ ዕቃ ቤቱን አንድ ሰው ብቻውን አይከፍተውም፤ ቁልፎቹ በተለያዩ ሰዎች እጅ ናቸው። በየመጽሐፉም ላይ የሰጪው ስም፥ መጽሐፉ የተሰጠበት ደብር፥ የሰረቀውና የፋቀው ሰው የተወገዘ እንዲሆን የሚያዝ ቃል ይጻፋል። ይህን ግዝት የውጭ አገር ሰዎች እንደ ማስፈራሪያ ብቻ ተመልክተውታል። እኔ ግን እንደ መዝገብ እመለከተዋለሁ። ግዝቱ መጽሐፉ የማን እንደ ሆነ፥ ከማን እንደ መጣና ለምን ሥራ እንደ ተሰጠ ይናገራል፤ ተከታዩ ጠባቂ በአዲስ ሐሳብ እንዲሸጠው ወይም ለወዳጁ እንዲሰጠው መብት አያገኝም።

ይህ ሥርዐት በጭንቅ ቀን ተፈትኗል። የኢማም አሕመድ ጦር እ.ኤ.አ. በ1531 ከሐይቅ በደረሰ ጊዜ መነኮሳቱ የገዳሙን ሀብት አሳልፈው እንደ ሰጡ ዐረብ ፋቂህ በፉቱሕ አል ሐበሻ ጽፎልናል። የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ግን ከዚያ ቀን በኋላም ኖረ። ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቈይቶም የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ለማንሣት እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው ሥራ ፎቶግራፉ ተነሥቶ ቍጥር 1832 ተሰጠው። ያ ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን ለማንሣት በቅቷል። የፎቶግራፍ ሠራተኞቹ ትጋት ምስጋና ይገባዋል፤ ዳሩ ግን ከእነዚህ ከ9,000 መጻሕፍት ለእያንዳንዱ አንድ ጠባቂ «ይነሣ» ብሎ መወሰኑን፥ ከማኅደሩም አውጥቶ ለማያውቀው እንግዳ መስጠቱን መርሳት አይገባም።

አሁን መንገዳችንን ወደ ደቡብ እናድርግ። ደሴን አልፎ ከኮምቦልቻ በታች በቦርከና ሸለቆ ሲወረድ የቃሉ ምድር ነው፤ ሐርቡም ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በዚህ አካባቢ ከ18ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ታላላቅ የእስልምና ትምህርት ስፍራዎች ተነሥተዋል። ሼኽ ሙሐመድ ሻፊ በጀማ ንጉሥ፥ ሐጂ ቡሽራ በገታ፥ በኋላም ሼኽ ጀውሀር በሾንኬ ያስተማሩ ሲሆን፥ ታሪካቸውን የታሪክ ሊቁ ሑሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ስለ 19ኛው ምእት ዓመት ወሎ በጻፈው መጽሐፍ በሰፊው መርምሮታል። ደረሳው ስንቁን ይዞ ከሩቅ አገር ወደ ሼኹ ይመጣል፤ ኪታቡን ይቀራል፤ አንዳንዱም ለራሱ ይገለብጣል። ሃይማኖቱና ፊደሉ ከሐይቅ የተለየ ነው። የጠባቂው ጥያቄ ግን ያው ነው፤ መልሱም በሚያስገርም አኳኋን ይመሳሰላል።

በእስልምና ሕግ ወቅፍ የተደረገ ንብረት አይሸጥም፥ አይለወጥም፥ በውርስ አይከፈልም። መጽሐፍም ወቅፍ ይሆናል፤ ባለቤቱ «ለዚህ ስፍራ ተማሪዎች» ወይም «ለሚቀራ ሁሉ» ብሎ ያዘዘው ቃል በመጽሐፉ በራሱ ላይ፥ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቅጠል፥ ይጻፋል። እንግዲህ የሐይቁ ጸሓፊና የቃሉ ጸሓፊ ሳይመካከሩ አንድ ነገር አደረጉ፤ ውሳኔውን ከጠባቂው ልብ አውጥተው በመጽሐፉ አካል ላይ አኖሩት። ልዩነቱ በአጽንዖቱ ነው። የገዳሙ ቃል መጽሐፉ ከየት እንዳይወጣ ይናገራል፤ የወቅፉ ቃል ለማን እንዲደርስ ይናገራል። ይህ ልዩነት ትንሽ መስሎ ቢታይም የጠባቂውን የዕለት ተግባር ይለውጠዋል።

ይህን የምለው ካየሁት ነው። በልጅነቴ በሐርቡ አቅራቢያ የአንድ አረጋዊ ሼኽ ቤት ነበር፤ የኪታባቸው ሣጥን ከመደቡ ራስጌ ይቀመጥ ነበር። ደረሳ ሲመጣ ስሙን ሳይሆን በመጀመሪያ ምን እንደሚቀራ ይጠይቁታል። ከዚያ ኪታቡን በሙሉ አይሰጡትም፤ ያልተሰፋ ስለ ነበረ አንዱን ጥራዝ አውጥተው ይሰጡታል፤ ያን ቀርቶ ሲመልስ የሚቀጥለውን ያገኛል። በዚህ አሠራር የጠፋ ቢኖር የሚጠፋው አንድ ጥራዝ ነው፤ አምስት ደረሶችም አንዱን ኪታብ በአንድ ጊዜ ይቀሩበታል። አንድ ቀን ጎረቤት መጥቶ «ሸኽዬ፥ ይህን ሁሉ ለማያውቁት ልጅ ከሚበትኑ ቢቈልፉት አይሻልም?» አላቸው። እርሳቸውም «የተወቀፈው ለሚቀራ ነው፤ ቈልፌ ባኖረው ላወቀፈው ሰው ነገ ምን እመልስለታለሁ?» አሉት። በውጭ አገር ስለ ቤተ መጻሕፍት አስተዳደር በተማርሁበት ጊዜ ሕንዳዊው ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ካወጣቸው አምስት ሕጎች የመጀመሪያው መጻሕፍት ለመገልገያ ናቸው የሚል መሆኑን ባነበብሁ ጊዜ፥ ያን ሣጥን አስታወስሁት።

ነገር ግን ያለፈውን ሥርዐት በማመስገን ብቻ ብንወሰን እውነቱን እናጐድላለን። በመጽሐፍ ላይ የተጻፈ ቃል ኀይለኛን አያቆምም። ለዚህ ከወሎ ምድር ከራሱ የሚበልጥ ምስክር የለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የነበሩትን መጻሕፍት ሰብስበው በመቅደላ ሊያሠሩት ላሰቡት ለመድኀኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አደረጉ። የጎንደር ጠባቂዎች ግዝት በንጉሡ ላይ አልሠራም። ቀጥሎም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ መጻሕፍቱ ተዘረፉ። ዝርፊያው በ15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወርዶ በሐራጅ ተሸጠ። ከጦሩ ጋራ የተላከው የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ለሙዚየሙ ገዛ፤ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ለንደን ሄዱ። 600 ያህሉ ጨለቆት ላይ ለቤተ ክርስቲያን ተተዉ።

ታዲያ የጠባቂዎቹ ጽሑፍ ከንቱ ሆነ ማለት ነውን? አይደለም። ከመቅደላ በተወሰዱት በብዙዎቹ መጻሕፍት ላይ የየደብሩ ስም ስለ ተጻፈ፥ የትኛው መጽሐፍ ከየት እንደ ሄደ ዛሬም ለማወቅ ይቻላል። ዊልያም ራይት እ.ኤ.አ. በ1877 የሙዚየሙን የግእዝ መጻሕፍት ዝርዝር ሲያሳትም እነዚህን ማስታወሻዎች መዝግቧል። ከዚያም በፊት፥ እ.ኤ.አ. በ1872፥ ዐፄ ዮሐንስ ወደ እንግሊዝ ጽፈው የክብረ ነገሥት መጽሐፍ እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ የአገሩ ሕግ በዚያ ስላለ ያለ እርሱ ሕዝቡ እንደማይታዘዛቸው አስረዱ። የሙዚየሙ ኀላፊዎችም ከመቅደላ የመጡ ሁለት ቅጂዎች በእጃቸው ስለ ነበሩ አንዱን መለሱ። ይህ ከሩቅ ሲያዩት የነገሥታት ጉዳይ ነው፤ ቀርበው ሲያዩት ግን የአንድ ቤተ መጻሕፍት ተራ ውሳኔ ነው፤ ሁለት ካለ አንዱ ይወጣል። ትምህርቱም ግልጥ ነው። ዐፄ ዮሐንስ «ንብረታችንን መልሱ» ብለው በጅምላ ሳይሆን መጽሐፉን በስሙ ጠርተው ጠየቁ። ስሙና ስፍራው የታወቀ መጽሐፍ ቢወሰድም ይጠየቃል፤ ያልተመዘገበው ግን ሲጠፋ የጠያቂ ቃል እንኳ አይኖረውም።

ወደ ሦስተኛው ሥርዐት እንምጣ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ዛሬ የሚተዳደርበት የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ዐዋጅም ቍጥር 179 ሆኖ በ1991 ዓ.ም. ወጣ። ከዚህ በታች በየከተማው ያለው የሕዝብ ንባብ ቤት ግን በዋናነት የሚመራው በመጻሕፍት ሕግ ሳይሆን በንብረት አስተዳደር ልማድ ነው። ዕቃ ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ በሞዴል 19 ይገባል፤ ሲወጣ በሞዴል 22 ይወጣል። ወንበር፥ የጽሕፈት መሣሪያ፥ የመኪና ጎማ እንዲሁ ነው፤ መጽሐፍም በዚሁ በር ሲገባ ከወንበር ጋራ አንድ ወገን ይሆናል። የፈረመው ሠራተኛ ዕቃው በጐደለ ጊዜ ተጠያቂ ነው።

ይህ ሥርዐት ለወንበር መልካም ነው። ወንበር በአንድ ክፍል ተቀምጦ ያገለግላልና። መጽሐፍ ግን የሚያገለግለው ከመደርደሪያው ሲነሣ ነው፤ ሲነሣም ይቈሽሻል፥ ይቀደዳል፥ አንዳንዴም ይጠፋል። እንግዲህ ደመወዙ ጥቂት የሆነ አንድ ሠራተኛ ሁለት ምርጫ አለው። ቢያውስና መጽሐፉ ቢጠፋ ራሱ ይከፍላል፤ ቢቈልፍና ማንም ሳያነብበው ቢቀር የሚጠይቀው የለም። ሳይመን እንዳስረዳው ሰው ባለው ጥቂት ዕውቀት የሚበቃውን መንገድ ይመርጣልና፥ ይህ ሠራተኛም መቈለፍን ይመርጣል። ስንፍና ወይም ክፋት አይደለም፤ የተሰጠው ወረቀት እንዲህ እንዲወስን አስተምሮታል።

እኔም ከውጭ አገር በተመለስሁበት ዓመት ስሙን በማልጠራው አንድ ቤተ መጻሕፍት ለማስተምረው ትምህርት የሚያስፈልገኝን መጽሐፍ ጠይቄ ተከልክያለሁ። መጽሐፉ ከመስተዋት በስተኋላ ይታየኝ ነበር። ተቈጥቼ ወጣሁ፤ ስለ ጠባቂውም ክፉ ተናገርሁ። ቈይቶ ግን ያ ሰው ከእርሱ በፊት በነበረው ሠራተኛ ዘመን ስለ ጠፉ መጻሕፍት ከደመወዙ እየተቈረጠበት እንደ ነበረ ሰማሁ። በሐርቡ የማውቃቸው ሼኽ ሣጥናቸውን የሚከፍቱት ከእርሱ ይልቅ ደግ ስለ ሆኑ ብቻ አይደለም። እርሳቸውን የሚያዝዘው ቃል «ለሚቀራ ሁሉ» ይላል፤ እርሱን የሚያዝዘው ወረቀት ግን ብዛትና ዋጋ እንጂ ስለ ምን ጥቅም እንደ ገባ አይናገርም።

ጉዳዩ የታሪክ ብቻ አለመሆኑን በቅርቡ አይተናል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ የደሴ ሙዚየምና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ለዝርፊያና ለጥፋት ከተዳረጉት መካከል ነበሩ። እንዲህ ባለ ቀን ጠባቂ የሚወስነው በሰዓት ውስጥ ነው፤ የቱን ላሽሽ? ለማን ዐደራ ልስጥ? የት ልቅበር? ከቤት ወደ ቤት በዐደራ የተላለፈ መጽሐፍ፥ ዐደራው በአንድ ሰው ልብ ብቻ ከቀረ፥ ከዘራፊ ቢያመልጥም ከመርሳት አያመልጥም። የሐይቁ ወንጌልና የወቅፉ ቃል ያስተማሩት ይህንኑ ነበር። መጽሐፍ የሚጠፋው ከቤት በወጣ ቀን ሳይሆን፥ ለምን እንደ ወጣ የሚናገር ጽሑፍ በታጣ ቀን ነው።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ ለተመራማሪዎችና ለተማሪዎቻችን ሁለት ተግባር ይወጣል። አንደኛው፥ የብራና መጽሐፍም ሆነ ኪታብ ስንመረምር ዋናውን ጽሑፍ ብቻ ገልብጠን እንዳንመለስ ነው። በባዶ ገጽ ላይ የተጻፈውን የስጦታ ቃል፥ ግዝቱን፥ የወቅፉን ትእዛዝ፥ የመዋሻውን ምልክት ሁሉ እንመዝግብ፤ ጠባቂውንም «ይህ ለማን ይሰጣል? ለማን አይሰጥም? ይህን ሥርዐት ከማን ተቀበሉት?» ብለን እንጠይቅ። እንዲህ ያለው ሰው ሲሞት የሚቀርብን የእርሱ ትዝታ ብቻ አይደለም፤ በወጉ የተላለፈ የአስተዳደር ሥርዐት ነው። ሁለተኛው ተግባር ለከተሞቻችን ንባብ ቤቶች ደንብ የሚያወጡ ሰዎችን ማስረዳት ነው። መጽሐፍ ከወንበር መዝገብ ወጥቶ የራሱ መዝገብ ይኑረው፤ ለማን ጥቅም እንደ ገባ በዚያ ይጻፍ፤ በማንበብ ምክንያት የሚደርስ ተገቢ ጥፋትም አስቀድሞ ታስቦ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ይነሣ።

የሐርቡው ሼኽ ዛሬ በሕይወት የሉም። ሣጥኑ ከልጃቸው ቤት ነው። ባለፈው ክረምት ሄጄ ልጃቸው በፈቃዱ ባሳየኝ ጊዜ ከኪታቡ ጥራዞች ሁለቱ ጐድለው አገኘሁ። ልጅየውም ደብተር አውጥቶ የወሰዱትን ሁለት ደረሶች ስም፥ የመጡበትን አገርና የሚቀሩትን ክፍል አሳየኝ፤ ጽሑፉ የአባቱ ነበር። «ይመጣሉ» አለኝ፤ ሣጥኑንም ሳይቈልፈው ክዳኑን መለሰው።